እቴጌ ወገባቸውን ሞከሩ?

ዶሮ ማነቂያ ተወልዳ ያደገች ድመት የሆድ ድርቀት ይይዛታል ብሎ ማን ያስባል? ዶሮ ማነቂያ እኮ ነው! ከሥጋ ቤቶቹ መደብ ላይ ጅማቱና ሞራው እየተቆረጠ ሲወረወር ከአየር ላይ የሚቀልቡ ድመቶች የሞሉበት ሠፈር ነበር። ቁርጥ የሚበላው እንግዳ ሥጋውን በጥርሱ ይዞ ከአፍንጫው ሥር በቢላ ሲቆርጥ፣ ከጠረጴዛው በታች ሁለት ቢጫ ዓይኖች እያንዳንዷን ጉርሻ ይቆጥሩበት ነበር። ለድመት ከዚያ የተሻለ ደብር አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም።

በ2016 ዓ.ም. ደብሩ ፈረሰ። የካቲት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ መጣና ዶሮ ማነቂያ ከነሥጋ ቤቱ፣ ከነመጠጥ ቤቱ፣ ከነጭሱ ተነሣ። ነዋሪው ምትክ ቤት ወደተሰጠው ወደ ከተማው ዳር ሄደ። አይጦቹም የሆነ ቦታ ሳይደርሳቸው አልቀረም፤ ከዚያ ወዲህ በእኛ በኩል አልታዩም። አንዱ ሥጋ ሻጭ ሚዛኑን፣ መጥረቢያውንና ግድግዳው ላይ የነበረውን የጊዮርጊስ ሥዕል አይሱዙ ላይ ጭኖ ሲሄድ ድመቷን ግን አልጫናትም። እሷም ጣይቱ ሆቴል አጥር ላይ ሰነበተችና አንድ ማለዳ ወርዳ አክስቴ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።

አክስቴ የምትኖረው ከመፍረስ ከተረፉት ግቢዎች በአንዱ ነው። ድመቷ ከየት መጣች ተብላ ስትጠየቅ፣ ሆቴሉን በድሮ ስሙ ጠርታ «ከእቴጌ ሆቴል» አለች፤ ስሟም እቴጌ ሆኖ ቀረ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ስም የወጣላት ድመት እንግዲህ አንቺ አትባልም። በግቢው ያለ ሰው ሁሉ የሚያነሣት በአንቱታ ነው። «እቴጌ በሉ?» «እቴጌ ተኙ?» እኔ ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ «እሷ» እላታለሁ፤ አክስቴ ጋዜጣና መጽሔት ማንበብ ከተወች ቆይታለች።

በአክስቴ ቤት ሥጋ የሚገባው ለበዓል ነው። በዘወትር ቀን ያለው እንጀራ በሽሮ ሲሆን፣ እቴጌ ሽሮውን ታሸትና ጀርባዋን ትሰጠናለች። ይህን በስልክ ቪዲዮ ያየችው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ አንጀቷ ተላወሰ። በ2017 ለገና ስትመጣ የሻንጣዋን ግማሽ የድመት ምግብ ሞልታው መጣች፤ እኔ ያዘዝኩት ጫማ በክብደት ምክንያት ቀረ። ምግቡ ደረቅ፣ ክብ ክብ ያለ፣ ከረጢቱ ላይ የዓሣ ሥዕል ያለበት ነው። እቴጌ ወደደችው። ማታ ማታ ስትቆረጥመው ለሚሰማ ሰው ቆሎ ያስመኛል። ከረጢቱ ሳይጋመስ ግን ጣጣው መጣ።

የጣጣው ሥር ውሃ ነው። የቤት ድመት የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት ነው፤ የዚያ ዘር ዛሬም በአገራችን ዱር አለ። ደረቅ አገር የለመደ እንስሳ ስለሆነ ወንዝ እየወረደ ሲጠጣ አይውልም፤ ከሚፈልገው ውሃ የሚበዛውን የሚያገኘው ከሚበላው ነው። ከአንዲት አይጥ ገላ ከመቶ 70 ያህሉ ውሃ ነው። አይጥ የበላች ድመት እግረ መንገዷን ጠጥታለች ማለት ነው። በከረጢት የሚሸጠው ደረቅ ምግብ ግን ውሃው ከመቶ 10 ቢሞላ ነው፤ በቆርቆሮ የሚመጣው እርጥቡ ከመቶ 75 እስከ 80 ይደርሳል። ደረቁን የምትበላ ድመት የጎደላትን ከሳህን ልትጠጣ ይገባት ነበር፤ በተፈጥሮዋ ግን ያን ያህል አይጠማትም። ታዲያ ሰውነቷ የጎደለውን ውሃ ካለበት ይሰበስባል፣ አንዱ የሚሰበስብበት ቦታም ትልቁ አንጀት ነው። እዚያ የሰነበተ ነገር ውሃው ተመጥጦ ይደርቃል፤ የደረቀው መውጣት ያቅተዋል፤ መውጣት ያቃተው ይሰነብታል።

የእቴጌ መጸዳጃ ለሁለት የተሰነጠቀ የዘይት ጀሪካን ነው፤ ውስጡ ከአናጢ ቤት የመጣ ሰጋቱራ አለ። ቀድሞ ገብታ ለመውጣት ከምስጢረኛ ሰው የበለጠ ፈጣን ነበረች። አሁን ትገባለች፤ ትጭራለች፤ ትዞራለች፤ እንደገና ትጭራለች። ትቀመጣለች። ጀርባዋ ይጎብጣል፤ የጭራዋ ጫፍ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ መርጦ ይፈዛል። ምንም የለም። ወጥታ በሩ ሥር ትንሽ ትቆይና ተመልሳ ትገባለች። አንድ ቀን ከብዙ ምጥ በኋላ ሁለት ፍሬ ድርቅ ያለ ነገር ከጀሪካኑ ውጪ ሊሾው ላይ ወደቀ፤ ሲወድቅ ድምፅ ነበረው። ወዲያው የበላችውን አስመለሳት። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «አይ የኔ እመቤት» አለች። ለድመቷ ይሁን ለድንግል ማርያም አልጠየቅኋትም።

የዚያን ዕለት ቡና ላይ ጉባኤ ተቀመጠ። አራዳ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። ማዘጋጃ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡት ጋሼ፣ ከሁላችንም ቀድመው «ወተት! ለብ ያለ ወተት ስጧት» አሉ። ወርቅ ቤት የሚሠራው ወጣት በስልኩ ፈልጎ የወይራ ዘይት አለ። ነርስ ሆነው ብዙ ዘመን ያገለገሉት እትዬ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ለሰው የሚሸጠው በመቀመጫ የሚሰጥ ፈሳሽ መድኃኒት እንዳለ ነገሩንና «አንዴ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ትገላገላለች» ብለው እጃቸውን አራገፉ። ተልባም ተነሣ፤ ተልባ የማይነሣበት ጉባኤ የለም።

አክስቴ ሁሉንም ሰምታ የጉሎ ዘይት ነው አለች። እሷ የምታምነው ጠራርጎ በሚያወጣ ነገር ብቻ ነው። ይህ እምነት ደግሞ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እናቷ መድኃኒት ሲሉ ኮሶ ማለታቸው ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር ለኮሶ ትሉ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ ነበር፤ አገራችንን ያዩ የውጭ ተጓዦችም ይህን ተገርመው ጽፈውታል። ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ያን ቀን ሥራ የለም፤ ሹም እንኳ ቢያስጠራው «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ይታለፋል። ጠጪው እስከ ማታ ፍዳውን ያያል። ሲመሽ ያለቀው ነገር አልቋል፤ ሰውየውም ቀለል ብሎት ማግስቱን ቁርጡን ይበላል። በምኒልክ ዘመን ዶክተር ሜራብ የሚባል የጆርጂያ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒት ቤት ከፍቶ የፈረንጁን ዱቄትና ጠብታ መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ የአክስቴ ዘመዶች ግን አንድ ጊዜ ተሰቃይቶ መገላገልን ትተው በየቀኑ በማንኪያ መታከምን የሚመርጡ ሰዎች አልነበሩም። አክስቴም ያው ናት። በእሷ ሕግ መድኃኒት አንድ ቀን ነው የሚያሠቃየው።

ክርክሩ ሲበረታ እኔና አክስቴ ድመቷን ዘንቢል ውስጥ አስገብተን፣ ላዩን በነጠላ አስረን ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድን። ከፒያሳ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ረዳት ዘንቢሉ ሲንቀሳቀስ አይቶ «እማማ፣ ዶሮ ነው?» አለ። አክስቴ በጾም ቀን ዶሮ ይዛ እንድትታይ ስላልፈለገች «ድመት ናት» አለች። «ድመት ከሆነች ትከፍላለች» አለ። ዶሮ ብትሆን ግን ነፃ ነበረች፤ የታሪፉን ምንጭ የሚያውቅ ይንገረኝ። አራት ኪሎ ስንደርስ እቴጌ አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ከኋላ የተቀመጡ ሰውዬ አማተቡ።

ሐኪሙ ቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የወጣ ልጅ ነው። እዚያ የተማረ ሰው ትምህርቱ በብዛት ስለ ላም ነው፤ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነ አገር ሌላ ምን ሊያስተምር? የላም እርግዝና የሚመረመረው ሐኪሙ ክንዱን እስከ ብብቱ አስገብቶ ነው። አክስቴም ይህን ገጠር አይታለች። ልጁ ጓንት ማጥለቅ ሲጀምር ዘንቢሉን ወደ ደረቷ ሳበችው። «አይዞዎት እማማ፣ ለድመት በጣት ነው» አላት።

መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ድርቀቱ አልነበረም። «ሽንቷን ትሸናለች?» አለ። ሰጋቱራው ውስጥ ገብታ የምታምጥ ድመት ሁሉ ድርቀት አይደለም ያለባት፤ ሽንት የተዘጋባትም እንደዚያው ታምጣለች። በተለይ ወንድ ድመት ከሆነ የሽንት ቱቦው ቀጭን ነው፤ ከተዘጋበት በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። ባለቤቱ ግን ቤቱ ተቀምጦ ተልባ ይወቅጣል። እቴጌ ሽንቷ ደህና ነበር። ከዚያ ሆዷን በሁለት እጁ ከግራና ቀኝ ይዞ በጣቶቹ ጫፍ ወደ ኋላ እየተከተለ ዳሰሰና የአክስቴን እጅ ወስዶ እዚያው ላይ አሳረፈው። አክስቴ ደረቅ ደረቅ ያለውን በተራ በተራ ነካችና «ውይ! መቁጠሪያ ውጣ ነው እንዴ?» አለች።

በክሊኒኩ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው፤ ቡና እየጠጣ የሚያነብ ይኖራል። ሐኪሙ መጀመሪያ ከቆዳዋ ሥር የጨው ውሃ ሰጣት፤ ውሃው እስኪመጠጥ ድረስ ትከሻዋ መካከል ላይ ተጠራቅሞ እቴጌ እንደ ቦረና በሬ ሻኛ አወጣች። ውሃው ከገባት በኋላ ማደንዘዣ ወጋትና በለብ ያለ ውሃና በማለስለሻ እያለሳለሰ ቀስ በቀስ አወጣላት። የቀስታው ምክንያት አለው፤ በኃይልና በፍጥነት ከተገፋ ያስመልሳታል፣ አንጀቷንም ሊጎዳ ይችላል።

እሱ ሲሠራ አክስቴ የጉባኤውን ሐሳቦች አንድ በአንድ አቀረበች። የእትዬን ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ፈሳሽ ስትጠቅስ ሐኪሙ ሥራውን አቁሞ ቀና አለ። ያ ለሰው የሚሸጠው ፎስፌት ያለበት ዓይነት ለድመት መርዝ ነው። ፎስፌቱ ከአንጀቷ ወደ ደሟ ይገባል፤ የደሟ ካልሲየም ይወድቃል፤ ትንቀጠቀጣለች፤ በሰዓታት ውስጥም ልትሞት ትችላለች። እትዬ ይህን ስንነግራቸው ለሁለት ቀን ቡና አልመጡም። ዘይቱንም ከለከለ፤ ዘይት በግድ ወደ አፏ ሲፈስ ጉሮሮዋ ሳያውቀው ወደ ሳንባዋ ሊያልፍ ይችላል። ወተቱን «ያደገች ድመት ብዙውን ጊዜ ወተት አይስማማትም፤ ያስቀምጣታል እንጂ አያድናትም» አለ። ተልባውን አልነካም፣ ግን ገደብ አበጀለት፦ ውሃ ያልጠገበች ድመት ላይ ገለባ ቢጨመርባት ጓዙ ይበዛባታል እንጂ መንገዱ አይከፈትም። አክስቴ ከጉባኤው የተረፈ ነገር መኖሩን አይታ ትንሽ ተጽናናች።

ከዚያ ሽሮው ተነሣ። «ሽንኩርት አለው?» አለ። ሽንኩርት የሌለው ሽሮ ሽሮ ነው ወይ? ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ በስሎም ይሁን ጥሬውን፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራል። እቴጌ ሽሮውን አሽትታ ጀርባዋን ስትሰጠን አክስቴ «የሥጋ ቤት ትዕቢት ነው» ትል ነበር። አጥንትም ቀረ፤ የደቀቀ አጥንት አንጀት ውስጥ ሲጠራቀም ከሲሚንቶ አይሻልም።

የድርቀቱ ምክንያት ውሃ ብቻ ላይሆን ይችላል አለ ሐኪሙ። ያረጀች ድመት ኩላሊቷ ሲደክም ውሃ በሽንት ይባክንባታል። መኪና ገጭቷት የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ጠቦ የገጠመ እንደሆነ መውጫው ይጠባል፤ ፒያሳ ውስጥ ሚኒባስ ያልነካው ድመት ደግሞ ብርቅ ነው። መጸዳጃዋ ከቆሸሸ ወይም ቤት ከቀየረች ይዛ ትቆያለች። ከሁሉ የሚከፋው ትልቁ አንጀት ከመጠን በላይ ተለጥጦ መኮማተር ያቆመ እንደሆነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጭራሽ አይታወቅም። እዚያ ከደረሰ የአንጀቱን አብዛኛውን ክፍል ቆርጦ እስከማውጣት ይኬዳል፤ ብዙዎቹ ድመቶች ከዚያ በኋላም ደህና ይኖራሉ። እቴጌ እዚያ አልደረሰችም። ግን እንዳትደርስ መድኃኒቱም አመጋገቡም መቋረጥ የለበትም።

«እስከ መቼ?» አለች አክስቴ።

«ዕድሜ ልክ ነው እማማ።»

አክስቴ ድመቷን አየች፤ ሐኪሙን አየች። «ዕድሜ ልክ? ምን አጠፋች?»

ልጁ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ይግባኝ እንዳለው ጠየቀችው። የጉሎ ዘይቱን ሐሳብ ግን አልጣለችውም፤ ዛሬም ጠርሙሱ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ።

ፍርዱ ላክቱሎስ የሚባል ሽሮፕ ነው። መድኃኒት ቤት ለሰው የሚሸጠው ያው ነው። ከወተት ስኳር የሚሠራ ሆኖ ሆድ የማይፈጨው ስኳር ነው፤ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና ውሃ ወደራሱ ይስባል፣ የደረቀውን ያረጥባል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ፦ «ከወተት? ወተት ብዬ አልነበረም?» ከዚያ ወዲህ በሐኪሙ ላይ ያላቸው እምነት ጨመረ። መጠኑ በክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። እቴጌ አራት ኪሎ ስለሆነች በአንድ ጊዜ ሁለት ሚሊ ይደርሳታል። ሲቀጥን ይቀነሳል፤ ሲደርቅ ሐኪሙን ጠይቆ ከፍ ይደረጋል። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ካልወጣት፣ ምግብ ከዘጋት ወይም ካስመለሳት ሽሮፑን ትቶ ወደ ክሊኒክ።

ይህን የሰማችው የሲልቨር ስፕሪንጓ ልጅ በስልክ የአሜሪካውን ተሞክሮ አመጣች። የጓደኛዋ ድመት ሲሳፕራይድ የሚባል መድኃኒት ይሰጠዋል፤ አንጀቱ እንዲኮማተር የሚገፋ ነው። መጀመሪያ ለሰው የተሠራ ነበር፤ የልብ ምት እያዛባ ስላስቸገረ በ2000 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ገበያ ተነሣ። ለድመት ግን እዚያ ያሉ መድኃኒት ቀማሚዎች አሁንም ያዘጋጁታል። ሰው የተከለከለውን ድመት የምትወስድበት አገር! ማክሮጎል የሚባል ጣዕም የለሽ ዱቄትም አለ፤ መረቅ ውስጥ ይሟሟል፣ ሐኪሙም ለድመት እንደሚሆን ነግሮናል። እሱን በሻንጣ እልካለሁ ብላለች። ጫማዬ እንግዲህ ዘንድሮም የለም።

ሽሮፕ ማጠጣት ቀላል ሥራ መስሎ የሚታየው ሽሮፕ አጠጥቶ ለማያውቅ ሰው ነው። አክስቴ በአሮጌ ጋቢ ከአንገቷ በታች ጥብቅ አድርጋ ትጠቀልላታለች፤ አራቱም እግር ከጋቢው ውስጥ መቅረቱን ካላረጋገጡ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ መሄድ አይቻልም። እኔ መርፌ የሌለውን ስሪንጅ ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ከክራንቻዋ ኋላ ባለው ክፍተት አስገብቼ ጥቂት ጥቂት እገፋለሁ። በአንድ ጊዜ ከገፋሁት ወደ ሳንባ መሄዱ ነው። ሽሮፑ ለእኛ ጣፋጭ ነው፤ ለእሷ ምንም አይደለም። ድመት ጣፋጭ መቅመስ አትችልም፤ ምላስ ላይ ጣፋጭ የሚለየው ተቀባይ የሚሠራበት ዘረ መል በዘሯ ተበላሽቶ ቀርቷል። ስለዚህ ማር ያጎረስናት ቢመስለንም እሷ የምታውቀው ጺሟን የሚያጣብቅ ነገር መሆኑን ብቻ ነው። ስትጨርስ አንድ ጊዜ ራሷን ታራግፋለች። ሸሚዜ ላይ ጉንዳን የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃውስ? ሐኪሙ ድመት ከቆመ ውሃ ይልቅ የሚወርድ ውሃ ትወዳለች፣ ውጭ አገር ለድመት ተብሎ የሚሠራ ትንሽ ፏፏቴ አለ ብሎን ነበር። አክስቴ «እኛ ራሳችን ቧንቧ ሲወርድ ካየን በዓል ነው» አለችው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ድመት ፏፏቴ ትመኛለች? ግን ነገሩን ትንሽ አስባበት መፍትሔ አበጀች። ውሃው የሚመጣበት ሌሊት ጀሪካኖቹ ሲሞሉ እቴጌን ቀስቅሳ ታወጣታለች። ድመቷ ከቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብላ ጅረቱን በመዳፏ እየመታች ትጠጣለች፤ ጀሪካናቸውን ይዘው የተሰለፉ ጎረቤቶች ተራቸውን ይጠብቃሉ። በቀረው ቀን ከምግቧ ራቅ ራቅ አድርገን በየጥጉ ሳህን እናስቀምጣለን። ዱባም እንጨምርላታለን። አትክልት ተራ በ2012 ከፒያሳ ስለተነሣ ዱባው የሚገኘው ከጉልት ነው፤ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው ተቀቅሎ ይደቆሳል፣ አንድ ማንኪያ ከሥጋው ጋር ይደባለቃል። ጉልት ሻጯ ለምን ትንሽ ትንሽ እንደምንገዛ ስትሰማ «ሰው ያጣውን!» ብላ መርቃ ጨመረችልን።

አስቸጋሪው ጾሙ ነበር። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች ልቧም ዓይኗም ይጎዳል። ሐኪሙ እርጥብ ምግብ፣ መረቅ፣ የተቀቀለ ዶሮ አለ። አክስቴ ደግሞ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ድስቷን ሥጋ አታስነካም። «እሷ መነኩሴ አይደለችም፣ ትብላ፤ በእኔ ድስት ግን አይሆንም» አለች። ኑር መስጊድ የምትሰግደው ጎረቤታችን ናት ያዳነችን። በ2017 ጾሙና ረመዳን ተደራርበው ነበር የገቡት፤ እሷም ቀን ትጾማለች፣ ማታ ግን ምድጃዋ ላይ ዶሮ አለ። ሽንኩርቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ጭልፋ መረቅና ጥቂት ሥጋ ለእቴጌ እየቀነሰች ትልክ ጀመር። «ሽንኩርት ያልገባበት መረቅ ለሰው ነውር ነው፤ ለታማሚ ስለሆነ ነው» ትላለች። ሁለቱም ቀን ላይ የማይበሉትን ሥጋ፣ አንዷ እየቀቀለች አንዷ እያበረደች፣ ክርስቲያን ትሁን እስላም ያልታወቀች አንዲት ድመት ያስፈጥሩ ነበር። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ የመግሪብ አዛን ሲሰማ እቴጌ ከአልጋ ወርዳ በሩ ላይ መቀመጥ ለመደች። አክስቴ ይህን አይታ ጥቂት ከፍቷት ነበር፤ ሰዓቱ ከሠርክ ጸሎት ጋር ስለሚቀራረብ ግን ለሁለቱም ይቆጠርላት ብላ ተወችው።

ሕክምናው የግቢውን ወሬ ለወጠው። ቀድሞ ቡና ላይ የሚነሣው የዶላር ዋጋና የሚፈርሰው ቤት ነበር። አሁን ጋሼ ገና ከበር «እቴጌ ወገባቸውን ሞከሩ?» ይላሉ። አክስቴ ሪፖርት ታቀርባለች፦ መቼ፣ ምን ያህል፣ ለስላሳ ነው ደረቅ፣ ስታምጥ ጮኸች ወይስ ዝም አለች። ወርቅ ቤት የሚሠራው ልጅ ወርቅ የሚመዝንበትን ሚዛን አምጥቶ ክብደቷን በየወሩ እንከታተል ብሎ ነበር፤ ሚዛኑ እቴጌን ስላልቻላት ሐሳቡ ቀረ። እትዬም ከኩርፊያቸው ተመልሰው ስለ ትልቁ አንጀት አሠራር ገለጻ ሰጡን። ነገሩ የሚገርመው ይህ ጉባኤ የራሱን ሆድ አንድም ቀን አንሥቶ አለማወቁ ነው። ስኳር ያለበት ስኳሩን ይናገራል፤ ደም ግፊት ያለበት ቁጥሩን ሳይቀር ይጠራል፤ ኩላሊቱን በጠጠር የተመታ ጠጠሩን በብልቃጥ ያሳያል። የሆድ ድርቀት ግን በዚህ ግቢ ማንንም ይዞ አያውቅም። ከእቴጌ በቀር።

ታዲያ ሽሮፑ ለምን ቶሎ ያልቃል? ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አራት ኪሎ ድመት በቀን የምትወስደው ከስድስት ሚሊ አያልፍም። ጠርሙሱ ግን ያለጊዜው ይጎድላል። መጀመሪያ ከስሪንጁ የሚፈስ መሰለኝ፤ ከዚያ አክስቴን ጠረጠርኩ። አክስቴ በእናቷ ኮሶ ማለች። ጎረቤታችን ስለ ድመቷ ስትጠይቅ «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ብላ መጠየቋ ትዝ አለኝ። ወርቅ ቤት የሚሠራው ልጅ የጠርሙሱን ስም በስልኩ ፎቶ አንሥቷል። እትዬ መቼም አይጠረጠሩም፤ እሳቸው የራሳቸውን መግዛት ያውቁበታል።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ሌላው ሰው ሳይሰበሰብ በጊዜ መጡ። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ፤ ጠርሙሱን ከመስኮቱ ላይ አንሥተው መነጽራቸውን አደረጉና ጽሑፉን አንብበው መልሰው አስቀመጡት። እቴጌን አሻሿት፤ ወገባቸውን መሞከራቸውን ጠየቁ፤ ሞክረዋል አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«ለአንድ ኪሎ ግማሽ ሚሊ ነው ያላችሁ አይደል ልጁ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲህ 72 ኪሎ የሚመዝን ድመት ቢኖር፣ 36 ይመጣል ማለት ነው?»